አንዱ ጡቴ ከሌላው ይተልቃል፤ እንዴት ልልመደው?

ሰላም እህቶች። 27 ዓመቴ ነው። ግራ ጡቴ ከቀኙ በደንብ ይተልቃል፣ ወረድም ይላል። ሐኪም አይታኛለች። እብጠት የለም፣ ፈሳሽ የለም፣ ቆዳውም አልተሰረጎደም። የብዙ ሴት ጡት እኩል እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ ድንገት ከተለወጠ ግን ቶሎ ነይ አለችኝ። እሺ፣ ጤነኛ ነኝ። ልቤ ግን አልተቀበለውም።

ለእህቴ ሰርግ ሀበሻ ቀሚስ እያሰፋሁ ነው። ስለካው ጥበቡ በግራ በኩል ወጠር፣ በቀኝ ሸብሸብ ይላል። ነጠላ ጣል አድርጌ ልሸፍነው አልኩ። ግን ጭፈራው ሲደምቅ ነጠላ ወገብ ላይ ነው የሚታሰረው!

ጡት ማስያዣ በትልቁ ልክ ገዝታ ትንሹ ላይ ስፖንጅ የምትጨምር አለች? አይንሸራተትም? ለልብስ ሰፊውስ ሳላፍር ምን ልበለው? ቀዶ ጥገና አልፈልግም፣ ገንዘቡም የለኝም። «ስታጠቢ ይስተካከላል» እንዳትሉኝ ደግሞ፤ የአክስቴ ልጅ ጭራሽ ካጠባች በኋላ ነው የተለያየባት።

ከሁሉ በላይ፣ እንደኔ ሆና መስታወት ፊት መጨናነቅ የተወች ካለች እንዴት እንደለመደችው ትንገረኝ። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።