ለድለባ ሰንጋዎች ሞነንሲንና ዩሪያ፦ ልኩ ስንት ነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ አካባቢ 12 ሰንጋዎች ለ90 ቀን ድለባ ገብተዋል፤ አማካይ ክብደታቸው 300 ኪሎ ነው። የጤፍ ጭድ እስኪጠግቡ ይበላሉ፤ በቀን ለእያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ድብልቅ መኖ ይሰጣቸዋል (በ100 ኪሎ ውስጥ 62 የስንዴ ፉርሽካ፣ 37 የኑግ ፋጉሎ፣ 1 ጨው)። 20 በመቶ ሞነንሲን (ከብት ከመኖው ብዙ ጉልበት እንዲያገኝ የሚጨመር መድኃኒት) ያለው ዱቄትና ዩሪያ ተገኝቷል። ሁለቱንም ልጨምር? ግቢው ውስጥ የጋሪ ፈረስም አለ።

መልስ 1፦
ከፈረሱ ልነሳ፤ እሱ የማይደርስበት ቦታ ከሌለ ሞነንሲኑን ጭራሽ አታስገባው። የፈረስንና የአህያን ልብ ይጎዳል፤ ማርከሻም የለውም። ፈረስን በክብደቱ በኪሎ ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ይገድለዋል። 200 ኪሎ ለሚመዝን የጋሪ ፈረስ ይህ ከያዝከው ዱቄት 2 ወይም 3 ግራም ማለት ነው። ከሰንጋዎቹ ገንዳ የተረፈውን ጠርገህ እንዳትሰጠው።

ሰንጋ ግን በልኩ ይጠቀምበታል። በግሳት የሚባክነው ጋዝ ቀንሶ ከዚያው መኖ ብዙ ጉልበት ያገኛል። የሚበሉት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ይህን አይተው «አልሠራም» ብለው መጠኑን የሚጨምሩ ሰዎች ናቸው ከብት የሚገድሉት።

ለ300 ኪሎ ሰንጋ በቀን 200 ሚሊግራም፣ ማለትም 1 ግራም ዱቄት ይበቃል። 100 ኪሎ ድብልቅ የ20 ሰንጋ የቀን ቀለብ ስለሆነ 20 ግራም ይገባዋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት 10 ግራም ብቻ። በማንኪያ አይገመትም፤ ግራም በሚለይ ሚዛን ይመዘን። መጀመሪያ ከ1 ኪሎ ፉርሽካ፣ ያንን ከ10 ኪሎ፣ በመጨረሻ ከቀረው ጋር አዋህደው። በአንድ ጊዜ ከተነሰነሰ አንዱ ሰንጋ የአምስቱን ድርሻ ይውጣል።

መልስ 2፦
ዩሪያውን ድብልቁ ውስጥ አትጨምረው። በዚህ ፋጉሎ ፕሮቲኑ 20 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ የጎደለው እዚያ ሳይሆን ጭዱ ላይ ነው። 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ፤ 100 ኪሎ ጭድ ላይ በየድርብርቡ እየተረጨ ይረገጥ፤ አየር እንዳይገባው በፕላስቲክ ታሽጎ 21 ቀን ይቆይ። ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ እስኪወጣ አናፍሰው። ዩሪያ የቀላቀሉበትን ውሃ ከብት እንዳይጠጣው ተጠንቀቅ። ከጠጣ በሰዓት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ሆዱ ይነፋል፤ ሐኪም በቱቦ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃና ከ2 እስከ 6 ሊትር አቼቶ ካልሰጠው ቶሎ ይሞታል።

መልስ 3፦
ከሞነንሲኑ በፊት የሚያስፈልገው ካልሲየም ነው። ፉርሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ስለሆነ በተኮላሸ ሰንጋ ላይ የሽንት ጠጠር ያመጣል። ከፉርሽካው 2 ኪሎ ቀንስና በምትኩ 2 ኪሎ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ጨምር። ግድግዳ የሚቀባው ኖራ አይሆንም፤ አፍና ሆድ ያቃጥላል። ውሃም ቀኑን ሙሉ አይለያቸው። አንዱ እያማጠ ሽንቱ በጠብታ ብቻ ከወጣ፣ ፊኛው ሳይፈነዳ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።