ደቻቱ ውስጥ ለሚደፋው ቆሻሻ የት ሄደን እንናገር?

ደቻቱ_ዳር
ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሐረሮችም ካላችሁ። የምታውቁ መልሱልኝ። ሰፈራችን ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ድርጅት (ስሙን አልጠራም፣ ጣጣ አልፈልግም) ማታ ማታ በአይሱዙ እየመጣ ቆሻሻውን አሸዋው ላይ ደፍቶ ይሄዳል፣ ግማሹ የተቃጠለ ላስቲክ ነው ግማሹ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት የመሰለ ጥቁር ፈሳሽ፣ ቀን ሙቀቱ ሲመጣ ሽታው መስኮት ብትዘጋም ብትከፍትም አያስቀምጥም። ቀበሌ ሄድን፣ "እናየዋለን"። ደግመን ሄድን፣ "ማመልከቻ ጽፋችሁ ኑ"። ጽፈን ወሰድን፣ አሁን ደግሞ የሚመለከተው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው። ሶስት ሳምንት ሙሉ ስብሰባ! ሬዲዮ ደውዬ ልናገር ስል ልጁ በጨዋ ደንብ "የዛሬው ርዕሳችን ችግኝ ተከላ ነው" አለኝ። ኧረ እኔስ ስለምን እያወራሁ ነው?

በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ጎርፉ ሲመጣ ልጅ ነበርኩ፣ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። ያንን ያየ ሰው ወንዙን ገንዳ ሲያደርጉት ዝም ማለት ይከብደዋል። ጥያቄዬ፣ እንደኔ ያለ ተራ ሰው ይሄን መክሰስ ይችላል? ወይስ "አንተን ምን ጎዳህ" ነው የሚሉኝ?

ሳቢያን_ማዶ
አቦ አትድከም። ድርጅቱ ሰው አለው አንተ ሰው የለህም፣ አለቀ። በርጫህን ጠብቅ።

መዝገብ_ቤት
ጠበቃ አይደለሁም ግን ወረቀት ሲገላብጥ የኖረ ሰው ነኝ፣ ከላይ ያለውን አትስማው። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ አለ፣ ቁጥር 300/1995። አንቀጽ 11ን አንብበው፣ ማንም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት አካባቢን በሚጎዳ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ነው የሚለው፣ ሊጎዳ ይችላል ብለህ ብትጠረጥርም ይበቃል። "አንተን ምን ጎዳህ" የሚልህ ካለ እሱን ነው የምታሳየው። ስህተትህ ቀበሌ ላይ መንጠልጠልህ ነው፣ አቤቱታው የሚገባው ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጡህ ወይ በውሳኔው ካልተስማማህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። እና በናትህ በቃል አትንገራቸው፣ በሁለት ኮፒ ጽፈህ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርግ፣ የራስህ ኮፒ ላይ ማህተምና ቀን አስመታ። ቀን የሌለው ወረቀት 30 ቀኑን ከየት ይቆጥራል? የስንቱ ሰው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው የሚሞተው።

የድርጅቱን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድም ጠይቅ፣ ከተሰራለት። በመረጃ ነጻነት አዋጁ 590/2000 መረጃ መጠየቅ ጋዜጠኛ ለሆነ ብቻ አይደለም፣ እስከ 30 ቀን መልስ አለባቸው፣ ከከለከሉህ እንባ ጠባቂ አለ።

ሳቢያን_ማዶ
እሺ ተከሰሰ እንበል፣ ዳኛውስ?

መዝገብ_ቤት
ዳኛው ጋ ሳትደርስ ዳኛውን አትፍረድበት ወንድሜ።

ጁገል_በር
ከሐረር ነኝ። እኛ ሐረማያ ሀይቅን ቁጭ ብለን ነው ያደረቅናት። ከተማው ከሷ ይጠጣል፣ ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ይስባል፣ ከላይ ተራራው ተራቁቶ ደለሉ ይወርዳል፣ ሁሉም ከሷ ይወስዳል ማንም አይጠየቅም፣ በኋላ ውሃ ልንጠጣ ከናንተ በኩል ከሀሰሊሶ ሽቅብ በቧንቧ መሳብ መጣ። ሀይቋ እየደረቀች እያለ ሚዲያው ምን ይል እንደነበር አስታውሳለሁ፣ ምንም። ከደረቀች በኋላ ነው ሁሉም ካሜራ ይዞ የሮጠው። እናንተ ደግሞ ወንዝ የምትጠጡት የላችሁም፣ የከርሰ ምድር ውሃ ነው የምትጠጡት፣ አሸዋው ላይ የፈሰሰ ዘይት የት የሚሄድ ይመስላችኋል?

ታይዋን_ተራ
እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ፓርላማ በ2017 ያጸደቀው የቆሻሻ አዋጅ ፌስታል ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል ይላል። እሺ ጥሩ፣ ፌስታል ይጥፋ፣ ፍየሉ ሁሉ በልቶት ነው የሚሞተው፣ የጫት ተራውን ሂዳችሁ እዩት ገራባና ፌስታል ነው። ግን በድሮው የቆሻሻ አዋጅ 513/1999 ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳ የማይበሰብስ ፌስታል ማምረትም ማስገባትም ቀድሞ ተከልክሎ ነበር እኮ! ያኔ አምራቹና አስመጪው ላይ ቢበረቱ ዛሬ እናቴ ለውዝ በፌስታል ቋጥራ ስለሸጠች ትሳቀቅ ነበር? እሷን ለመያዝ ሰው አይጠፋም፣ አይሱዙውን ለመያዝ ነው ስብሰባ የሚበዛው። ቅጣቱ ሲወጣስ ማን ጠየቃት? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ላይ ሕዝብ ማኅበረሰቡን በሚነካ ፖሊሲ ይመከራል ይላል፣ የኛ ምክክር አዳራሽ ጠርተው ውሃና ብስኩት ሰጥተው ማስጨብጨብ ነው። ምርጫው እንደሆነ በ5 ዓመት አንዴ ነው፣ በመሀል ያለውን ጊዜ ካልጠየቅን ምኑ ዴሞክራሲ ነው?

ሳቢያን_ማዶ
@ታይዋን_ተራ እናትሽ ለውዙን በጋዜጣ ትጠቅልለው፣ ሚዲያውም ለአንድ ነገር ይጠቅማል 😂

ደቻቱ_ዳር
😂😂 ወላሂ ከሬዲዮው ልጅ ይሻላል። መዝገብ_ቤት አላህ ይስጥህ፣ አንቱ ማለት ነበረብኝ ግን ድሬ ነን አናውቅበትም። አንቀጽ 11ን አሁን አነበብኩት፣ ያልከው ራሱ ነው። ከሰፈር 14 ሰው ለመፈረም እሺ ብሏል፣ ሁለቱ ግን የድርጅቱ ሰራተኞች ስለሆኑ ፈርተዋል፣ አልፈርድባቸውም እንጀራቸው ነው። ያለነሱ ይሁን ወይስ ሰው ሲበዛ ነው የሚሻለው?

መዝገብ_ቤት
ያለነሱ። አንተ ብቻህንም ትበቃለህ፣ አዋጁ ቁጥር አይጠይቅም። ረቂቁን ነገ ማታ እልክልሃለሁ፣ አንተ የአይሱዙውን ታርጋ ፎቶ አንሳ፣ ቀንና ሰዓቱን ጻፍ። ፍላሹን ማጥፋት ደግሞ እንዳትረሳ።