ሲቲዝን ልሆን ነው፤ በባለቤቴ ኬዝ ውስጥ ያሉት ልጆች ምን ይሆናሉ?

አባት ከቨርጂኒያ

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ፣ ጊዜ የለኝም።

በ2019 በዲቪ ብቻዬን ነው የመጣሁት። ያኔ ሚስትም ልጅም አልነበረኝም። በ2021 አዲስ አበባ ሄጄ አገባሁ። ባለቤቴ ከበፊት የወለደቻት ሴት ልጅ አለቻት፣ ስንጋባ 12 ዓመቷ ነበር። ከዚያ የራሳችን ወንድ ልጅ ተወለደ። በግሪን ካርዴ ለባለቤቴ አይ-130 (የቤተሰብ ማምጫ ማመልከቻውን) አስገብቼ ጸድቋል፣ ሁለቱም ልጆች በእሷ ኬዝ ስር ነው የተመዘገቡት፣ ግን በቪዛ ቡለቲኑ (በየወሩ በሚወጣው የወረፋ ሰንጠረዥ) ቀናችን ገና አልደረሰም።

አሁን አምስት ዓመቴን ሞልቼ ለሲቲዝንነት አመልክቼ ለኢንተርቪው ተጠርቻለሁ። ሥራ ቦታ ያሉ ልጆች «ሲቲዝን ስትሆን ቤተሰቡ በሙሉ ከወረፋው ይወጣል» ይሉኛል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ተው፣ ልጆቹ ይቀሩብሃል» አለኝ። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ያለ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ባለቤቴን «ለልጅቷ አንቺ የምትፈልጊውን የአባት ስም አስገብተን አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት እናውጣላት፣ የባልሽ ልጅ ትባላለች፣ ነገሩ ያልቃል» ብሏታል። እኔ ልጅቷን እንደ ልጄ ነው የማያት፣ እናትና ወንድሟ መጥተው እሷ ብቻዋን አያቷ ጋር ብትቀር አልችለውም። ምን ላድርግ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ። ሁለቱም ሰዎች ግማሽ ግማሽ እውነት ነው የነገሩህ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለሚስቱ ሲያመለክት ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆቿ በእሷ ኬዝ ተያይዘው መምጣት ይችላሉ። ሲቲዝን ስትሆን ሚስትህ «የቅርብ ዘመድ» የሚባለው ክፍል ውስጥ ትገባለች፣ የቡለቲን ወረፋ የለባትም። ጥሩው ይሄ ነው። መጥፎው ደግሞ በዚህ ክፍል ተያይዞ መምጣት የሚባል ነገር የለም። የሲቲዝንነት መሐላ በፈጸምክበት ቀን ልጆቹ ከእናታቸው ኬዝ ይወጣሉ፣ ማንም ደብዳቤ ጽፎ አያሳውቅህም። ብዙ ሰው የሚያውቀው እናትየዋ ለኢንተርቪው ስትጠራ የልጆቹ ስም ሲጠፋ ነው።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ አይ-130 ይግባ። መሐላህን አትጠብቅ፣ አሁን በግሪን ካርድህ አስገባ፣ ሲቲዝን ስትሆን የእነሱም አብሮ ከፍ ይላል። ክፍያው በኦንላይን 625 ዶላር ነው፣ በወረቀት 675፣ ለእያንዳንዱ። ለሁለት ልጅ ብዙ ብር ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ከሲቲዝንነትህ አትሽሽ። የሲቲዝንነት ሰርተፊኬቱን በእጅህ እንዳገኘህ ኮፒውን ለናሽናል ቪዛ ሴንተር (ከኤምባሲው በፊት ኬዙን ለሚይዘው ቢሮ) ላክና ኬዙን ቀይሩልኝ በላቸው።

ልጅቷን በተመለከተ ተረጋጋ። ሕጉ የእንጀራ ልጅን እንደ ልጅ ይቆጥራል፣ ጋብቻው 18 ዓመት ሳይሞላት የተፈጸመ ከሆነ። እናንተ በ12 ዓመቷ ነው የተጋባችሁት፣ ሙሉ መብት አላት። ፔቲሽኗ (አይ-130ዋ) ቀድሞ ከገባ ዕድሜዋ አንተ ሲቲዝን በሆንክበት ቀን ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ኋላ ከገባ ደግሞ በገባበት ቀን። ብቻ በዚያ ቀን ከ21 በታች ትሁን፣ ቪዛውን እስክታገኝ ደግሞ አታግባ።

ጌታሁን ዳላስ

እኔ የምመልሰው የጉዳይ አስፈጻሚውን ነገር ብቻ ነው፣ ስላናደደኝ። ባለቤትህ ዛሬውኑ ትደውልለትና «ተወው» ትበለው። ሌላውን ነገር ሁሉ ማስተካከል ይቻላል፣ ይሄን ግን አይቻልም።

አስበው እስቲ። ልጅቷ እንደ እንጀራ ልጅህ መብቷ ንጹሕ ነው። በአንተ ስም የልደት ምስክር ወረቀት ሲወጣላት ግን ዝምድናው ሐሰት ይሆናል። ቆንስላው ከተጠራጠረ የዲኤንኤ ምርመራ ይጠይቃል፣ ለኢትዮጵያውያን ኬዝ ደግሞ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። አባት እንዳልሆንክ ሲታወቅ ተሳስተናል ብሎ ማለፍ የለም። በሐሰት መረጃ ቪዛ ለማግኘት የሞከረ ሰው ዕድሜ ልኩን ይታገዳል፣ ምሕረት መጠየቂያው ጠባብ ነው። እናትየዋም በዚያው ወረቀት ላይ ፈርማ ከሆነ እሷም አብራ ትጠመዳለች። የአንተም የሲቲዝንነት ኬዝ ገና ክፍት ነው። ሰውየው ብሩን ወስዶ ሄዷል፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእናንተ ነው።

እዚህ አሜሪካም ቢሆን የታክስ ቢሮና የትራንስሌሽን ሱቅ ከፍቶ የኢሚግሬሽን ምክር የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። ምክር መስጠት የሚችለው ሎየር ወይም በፍትሕ ሚኒስቴሩ ዕውቅና የተሰጠው ተወካይ ብቻ ነው። ገንዘብ ካጠረህ ካቶሊክ ቻሪቲስና ዲሲ አካባቢ አዩዳ የሚባሉ ድርጅቶች አሉ፣ በዝቅተኛ ክፍያ ይሠራሉ።

እታለም

ወረቀቱን እኔ ልጨምር፣ የእህቴን ልጆች ኬዝ ከዳር እስከ ዳር የተከታተልኩት እኔ ስለነበርኩ።

ለልጅቷ በእናቷና በወላጅ አባቷ ስም ትክክለኛውን የልደት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት አውጡ። ዘግይቶ የወጣ ከሆነ ብቻውን አይበቃም፣ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያለ የትምህርት ቤት መረጃ ይታከልበት። የወላጅ አባቷ ነገር ደግሞ አሁኑኑ ይጀመር። ካለ የስምምነት ወረቀት ይፈርም፣ ከጠፋ ወይም ካረፈ እናትየዋ የአሳዳጊነት ውሳኔ ከፍርድ ቤት ታውጣ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ እየሰጠ ስለሚያጓትት የኢንተርቪው ሰሞን የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ሌላው የልደት ቀን ነው። ሰው ዝም ብሎ 7 ወይም 8 ይደምራል። ለምሳሌ ታኅሣሥ 25 ቀን 2001 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 ነው። 7 የደመረ ግን 2008 ይጽፍና ልጁን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል። ፓስፖርቱ አንድ፣ የልደት ወረቀቱ ሌላ፣ የትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ሆኖ ሲገኝ ቆንስላው ከዚያ በኋላ ምንም አያምንም። አይ-130 ከመግባቱ በፊት ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ቀኑንና የስሙን ፊደል አንድ በአንድ አመሳክሩ። «ኃይለ» በአንዱ ወረቀት በአንድ ፊደል፣ በሌላው በሌላ ተጽፎ የሚጓተት ኬዝ ስንት አለ።

የአባት ስም ለየብቻ መሆኑ አያስጨንቃችሁ። ልጅ የአባቱን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም እንደማይዝ አዲስ አበባ ያሉ ቆንስላዎች ያውቁታል።

አባት ከቨርጂኒያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንቅልፍ ሰጣችሁኝ። ለባለቤቴ ደውዬ ሰውየውን ተዪው ብያታለሁ። የሁለቱንም ልጆች አይ-130 በዚህ ሳምንት አስገባለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። የእኔ ገቢ ለአራት ሰው ይበቃል ወይ የሚለው ያሳስበኛል። ሁለተኛ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ለዚህኛውም አይ-130 ያስፈልጋል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ማርያም ትቅረባት!

የስፖንሰር ፎርሙ አይ-864 ነው። አንተን ጨምሮ የምታመጣቸው ሰዎች ተቆጥረው ገቢህ ከድህነት መስመሩ ቢያንስ 125 በመቶ መሆን አለበት፣ መጠኑ በየዓመቱ ይቀየራል። ኬዛቸው ስለተለያየ ለባለቤትህና ለልጅቷ ለየብቻ ፎርም ትሞላለህ፣ ወንድ ልጅህ ግን ሲገባ በራሱ ሲቲዝን የሚሆን ከሆነ ይሄ ፎርም አይጠየቅለትም። ካልበቃህ ሌላ ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ተጨማሪ ስፖንሰር ሊሆንልህ ይችላል። ግን ስትጠይቀው ምን እንደሚፈርም በግልጽ ንገረው። ግዴታው በአብዛኛው የመጣው ሰው ሲቲዝን እስኪሆን ወይም 40 ሩብ ዓመት (አሥር ዓመት ገደማ) ሥራ እስኪቆጠርለት አይወርድም፣ ፍቺ እንኳን አያፈርሰውም። ዘመድ ሆኖ ሳያነብ ፈርሞ በኋላ የተቀያየመ ሰው አውቃለሁ።

ለሚወለደው ልጅ ግን መቸኮልህ ይጠቅምሃል። ከመወለዱ በፊት መሐላህን ከፈጸምክና እሱ እስኪወለድ ድረስ በአካል አሜሪካ የኖርክበት ጊዜ ቢያንስ አምስት ዓመት ከሆነ፣ ከዚህም ሁለቱ ከ14 ዓመትህ በኋላ ከሆኑ፣ ልጁ አዲስ አበባ ቢወለድም ሲወለድ ጀምሮ አሜሪካዊ ነው። ቪዛ አያስፈልገውም፣ ኤምባሲው የውጭ ልደት መዝገብና ፓስፖርት ይሰጠዋል። አገር ቤት የቆየህበት ጊዜ ከአምስቱ ዓመት ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ በ2021 ለሠርጉ የሄድክበትንም ሌላውንም ጉዞ ከፓስፖርትህ ማኅተም ላይ ቆጥረህ ጻፍ፣ የሥራ ፔይ ስተብ (የደሞዝ ወረቀት) እና የቤት ኪራይ ውልህንም አስቀምጥ።

ትልቁ ወንድ ልጅህ ደግሞ ከ18 በታች ሆኖ በኢሚግራንት ቪዛ ገብቶ ሲቲዝን ከሆንከው ከአንተ ጋር ሲኖር በራሱ ሲቲዝን ይሆናል። ልጅቷን ይሄ አይመለከታትም፣ ለእንጀራ ልጅ አይሠራም። ግሪን ካርድ ይዛ ትገባለች፣ በኋላ በራሷ ታመለክታለች።

ጌታሁን ዳላስ

አንድ ነገር ልጨምር። ኢንተርቪው አለፉ ማለት ቪዛ ተሰጠ ማለት አይደለም። ተጨማሪ ወረቀት አምጡ ሊባል ይችላል፣ ቪዛ መስጠት ራሱ በአዋጅ የሚቆምበት ጊዜም አለ። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ተለጥፎ እስክታዩት ትኬት አትግዙ፣ ቤት አትልቀቁ፣ ልጅቷንም ከትምህርት ቤት አታስወጧት። የኤምባሲውን ገጽ ራሳችሁ እየገባችሁ እዩት፣ ቲክቶክ ላይ የሚወራውን ተዉት።