ለአንድ ቀን ባሕር ዳር የሚቆዩትን አክስቴን የትኛውን ገዳም ላሳልማቸው?

አክስቴ በጥቅምት አጋማሽ ከብቸና ወደ ባሕር ዳር ይመጣሉ፤ ዓርብ ማታ ገብተው እሑድ ማለዳ ስለሚመለሱ ላስጎበኛቸው የምችለው ቅዳሜን ብቻ ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ሲሆን፣ በሜዳ ላይ በምርኩዝ ደህና አድርገው ይሄዳሉ፤ አቀበት ግን ጉልበታቸው አይችልም። ምኞታቸው አንድ የጣና ገዳም መሳለምና ጢስ ዓባይን ማየት ነው።

የጢስ ዓባዩ ነገር ተቃንቷል። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ መኪና ያለው ዘመድ ይወስደናል፤ በአሮጌው የድንጋይ ድልድይ በኩል ያለውን አቀበት ትተን ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ እንሻገራለን። ከሰዓት በኋላ ሐይቁን ነፋስ ስለሚያናውጠው ገዳሙን በጠዋት መሳለም ይኖርብናል፤ የተቸገርሁትም በዚህ ነው። ክብራን ገብርኤል ቅርብ ቢሆንም ሴቶች አይገቡበትም። ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት በግድግዳ ሥዕሎቹ የታወቀ ቢሆንም፣ ከጀልባ ማረፊያው ተነሥቶ በቡናው ጫካ መካከል ሽቅብ የሚወጣው ድንጋያማ መንገድ ለእርሳቸው የሚሆን አይደለም። ያነጋገርኋቸው ባለጀልባዎች ግን የሚያቀርቡልኝ ይህንኑ የተለመደ ጉዞ ነው (ለጎብኚ እንጂ ለአሮጊት የታሰበ አይመስለኝም)። አሁን በእጄ የቀሩት፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አጠገብ ያለው ደብረ ማርያምና የዘጌው በትረ ማርያም ናቸው።

ሁለቱንም የተሳለማችሁ ካላችሁ፣ ከጀልባ ተወርዶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድረስ አቀበቱ የሚያንሰው የትኛው ነው?