«ሃርመኒ»ን በአማርኛ ምን እንበለው? ኅብር፣ ቅኝት ወይስ አጀብ?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለቤቱ። እዚህ ባሕር ዳር ለአንድ የተማሪዎች ሙዚቃ ክበብ ስለ መሣሪያዎቻችን አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ሜሎዲ»ን «ዜማ» ብዬ አለፍኩት። «ሃርመኒ» ላይ ስደርስ ግን ተያዝኩ። አንዱ «ቅኝት» በለው ይለኛል፣ ሌላው «ስምምነት»፣ ሌላው «ኅብር»። የትኛው ይሻላል? ደግሞስ የትኛውን መሣሪያ የዜማ፣ የትኛውን የሃርመኒ ብዬ ልመድብ?

ባለክራሩ፦
ወንድሜ፣ «ቅኝት»ን በቅድሚያ አውጣው። ክራር ቃኘ ማለት ክሩን እያጠበቀና እያላላ እያንዳንዱን ድምፅ ቦታ ቦታው አስያዘ ማለት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ዜማው የሚመላለስባቸው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ናቸው። ሃርመኒ የሚባለው ግን የተለያዩ ድምፆች በአንድ ጊዜ አብረው ሲሰሙ የሚፈጠረው ነው። ክራሬን በትዝታ ቃኝቼ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ቅኝቱ እዚያው አብሮት ተሰቅሎ ያድራል፤ ሃርመኒ ግን እጅ ካልነካው የለም። «ስምምነት» ሲባል ደግሞ እኔን የሚታየኝ የቤት ኪራይ ውል ነው።

ምደባውን በተመለከተ መሣሪያውን ሳይሆን ግሡን ተከተል። በገና ይደረደራል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ማሲንቆ ይገዘገዛል፣ ነጋሪት ይጎሰማል። ክራር ግን ይመታልም ይገረፋልም፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ክር በክር እየነካህ ስትመታው ዜማውን ራሱን ታወጣለህ። ስትገርፈው የግራ እጅህ ጣቶች የማትፈልጋቸውን ክሮች አፍነው ይይዛሉ፣ ቀኝ እጅህ ክሮቹን በሙሉ ጠርጎ ያልፋል፣ ያልታፈኑት ብቻ በአንድነት ይጮኻሉ። ያው ክራር፣ ያው ሰው፣ ሁለት ሥራ። ታዲያ በየትኛው ሣጥን ታስገባዋለህ?

ጣና ዳር፦
ይህንን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ማሲንቆስ? ክሩ አንድ ብቻ ስለሆነ የዜማ ነው ብዬ ልለፈው?

ባለክራሩ፦
ብዙ ጊዜ አዎ፣ ግን አትቸኩል። እዚሁ ከተማ አዝማሪ ቤት ስትገባ ጠጋ ብለህ አዳምጥ። አዝማሪው ስንኙን ሲያወርድ ደጋኑ ከሥሩ ከሥሩ ያንኑ ዜማ ይከተላል፣ ግን ልክ እንደ ድምፁ አይደለም፤ ትንሽ ይዘገያል፣ ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ቀድሞት ይደርሳል። ትንፋሽ ሊወስድ ዝም ሲል ማሲንቆው ይቀበለዋል። ከዚያ ከታዳሚው አንዱ ተነስቶ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፣ አዝማሪው ደግሞ ያንን በዜማ ይመልሰዋል። አንድ ዜማ ነው፣ የሚቀባበለው ግን ሦስት ነው፦ ሰው፣ አዝማሪና ማሲንቆ። እኔ ለዚህ ከ«መቀበል» የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

የዜማ ቤት ልጅ፦
ጋሼ ባለክራሩ ያነሱትን ቃል እኛም ከማኅሌት እናውቀዋለን። መሪው ያነሣል፣ ቀኝና ግራ የቆሙት ይቀባበሉታል። ከሦስቱ የዜማ ስልቶች ግዕዝ ይሁን ዕዝል ወይም አራራይ፣ የሚባለው ዜማ አንድ ነው፤ ሁለት ዜማ ባንድ ጊዜ አይባልም። ከበሮውና ጸናጽሉ ዜማ አይሰጡም፣ ያጅባሉ።

«ኅብር» ላይ ግን አንድ ስጋት አለኝ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ቅኔ ቤት ደጃፍ ያደገ ልጅ «ኅብር» ሲባል ቀድሞ የሚመጣለት ሰምና ወርቅን ባንድነት የተሸከመው ቃል ነው። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መሰማቱ ከሃርመኒ ጋር ያዛምደዋል፣ ቃሉንም እወደዋለሁ። ብቻውን ቢቆም ግን ልጆቹን ያሳስታል። ስለዚህ «ኅብረ ድምፅ» ቢባልስ? «ኅብረ ዜማ»ን ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ ዜማዎች ጎን ለጎን ለሚሄዱበት ብናቆየው።

ባለክራሩ፦
ተባረክ ልጄ፣ ልዩነቱን በደንብ አበጀኸው። «አጃቢ»ንም ከዚሁ እንለይ። ሙሽራ ይታጀባል፣ በጥምቀት ታቦት ይታጀባል። አጃቢነት ቦታ ነው፣ ሥራ ነው። ከበሮ አጃቢ ነው፣ ኅብረ ድምፅ ግን አያወጣም። ኪቦርድ ኮርድ፣ ማለትም ባንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆችን፣ ይዞ ሲቆም አጃቢም ነው፣ ኅብረ ድምፅም ይሰጣል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መጻፍ ስህተት ነው።

ረጅሙን የትንፋሽ መሣሪያ፣ እምቢልታንም አትርሳ። የጣት ቀዳዳ የለውም፣ አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚሠራው ነፊዎቹ ተራ በተራ፣ አንዱ ሲተው ሌላው እየያዘ ሲሄዱ ነው። ብቻውን የቆመ እምቢልታ ነፊ የያዘው ከዜማው አንዱን ፍልጥ ነው። እርሱን የዜማ መሣሪያ ነው ብትል አንድ ሰው ዜማ ማውጣት አይችልበትም፣ የሃርመኒ ነው ብትል ድምፆቹ የሚመጡት በየተራ ነው።

ጥያቄህ የመጣው፣ እንደሚመስለኝ፣ መሣሪያዎቹን ባንድ መድረክ ከማየት ነው። ድሮ በገና ለጸሎት፣ ማሲንቆ ለጨዋታ፣ እምቢልታ ለቤተ መንግሥት እየተባለ በየቤቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ባንድ ላይ ሲያሰልፋቸው ማን ይምራ ማን ያጅብ የሚለው ጥያቄ አብሮ መጣ።

ጣና ዳር፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። መሣሪያዎቹን የዜማና የሃርመኒ ብዬ ልመድብበት ያሰብኩትን ሠንጠረዥ ትቼዋለሁ። አሁን የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ክራር ሲመታ ዜማውን ይመራል፤ ሲገረፍ ኅብረ ድምፅ እየሰጠ ያጅባል። ማሲንቆ ዘፋኙን ይቀበላል። እምቢልታዎች አንዱን ዜማ ተካፍለው ይነፉታል።»

የዜማ ቤት ልጅ፦
«ተካፍለው» ላይ «ተቀባብለው» ብትለው።

ጣና ዳር፦
ቀየርኩት።