9ኛ ክፍል የገባች ልጄን እንግሊዝኛው ያዛት፤ ምን ላድርግ?

አዳማ ነን። ልጄ እስከ 8ኛ በአማርኛ ተምራ ዘንድሮ 9ኛ ገባች፤ ባዮሎጂው፣ ኬሚስትሪው፣ ፊዚክሱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነባት። በአማርኛ ስጠይቃት ትመልሳለች፣ ወረቀት ላይ ሲመጣ ትቆማለች። በተለይ «አብራራ» እና «አነጻጽር» የሚሉትን የጥያቄ ቃላት በእንግሊዝኛ ስለማትለይ የምታውቀውን ትስታለች። ማታ ማታ ከነገው ትምህርት አስር ቃል እያወጣን ፍቺውን እንጽፋለን፤ ቃሉን ትሸመድደዋለች፣ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስታገኘው ግን ይጠፋባታል። አስጠኚ እንዳልቀጥር፣ የቤት ሥራውን ሠርቶላት ከሄደ ፈተና ላይ ምን ይጠቅማታል?

መምህራንና ያለፋችሁበት ወላጆች፣ እባካችሁ፦ ቃል ማጥናቱን ቀንሰን አንድ አንቀጽ አንብባ በአማርኛ ብትነግረኝ፣ ከዚያ በሁለት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ብትጽፈው ይሻላል? የ8ኛን ሳይንስ በእንግሊዝኛ መከለሱስ ያዋጣል? የእኔ እንግሊዝኛ ደካማ ነው፤ የጻፈችውን ማረም ሳልችል እንዴት ልከታተላት?