ኤምሬትስ ውስጥ የሞተ ሰው ንብረት በየትኛው ሕግ ይከፋፈላል?

ጥያቄ፣ ከሻርጃ፦

ጤና ይስጥልን ወገኖቼ። እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ በቁርባን ተጋብተን ወደዚህ ከመጣን ቆይተናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። ሱቁም፣ የባንክ ሂሳቡም በእሱ ስም ነው። አንዲት የማውቃት እህት ባሏ በድንገት ሲያርፍ ሂሳቡ ታገደባት። አንዱ «እዚህ ሁሉም በሸሪዓ ነው የሚከፋፈለው» ይላል፣ ሌላው «ሕጉ ተለውጧል» ይላል። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፣ ከአቡዳቢ፦

እህቴ፣ ሕጉ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ መሠረቱ ሸሪዓ ነበር፤ ሙስሊም ያልሆነ የውጭ ዜጋም «የአገሬ ሕግ ይታይልኝ» ብሎ ካልጠየቀ በዚያው ይዳኝ ነበር። መብቱ በወረቀት ላይ ነበር። ነገር ግን ባሏን በቀበረች ማግስት የኢትዮጵያን ሕግ በአረብኛ አስተርጉማ ዳኛ ፊት የምታቀርብ ሐዘንተኛ ከየት ትገኛለች? በሸሪዓው ድልድል ልጆች ያሏት ሚስት ከስምንት አንድ እጅ ታገኛለች፤ ሴት ልጅ ደግሞ የወንድሟን ግማሽ።

አቡዳቢ በ2021 ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች የተለየ የጋብቻ፣ የፍቺና የውርስ ሕግ አወጣች። የፌዴራሉ መንግሥት ተከትሎ የ2022ን አዋጅ ቁጥር 41 አወጣ፤ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ይሠራል፤ ሻርጃም የሚገዛው በዚሁ ነው። አብዛኛው ነዋሪ የውጭ ዜጋ በሆነበት አገር፣ ባለሙያውና ባለሀብቱ ቤተሰቡን ይዞ እንዲቆይ ከተፈለገ «ብሞት ልጆቼ ምን ይሆናሉ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ግድ ነው። በ2022 መጀመሪያ የመንግሥት ሥራ ዕረፍት ከዓርብና ቅዳሜ ወደ ቅዳሜና እሑድ የዞረውም ከዓለም ገበያ ጋር ለመራመድ ነው። ቢሮ ለምንሠራው የእሑድ ቅዳሴ በሥራ ቀን መዋሉ ቀረልን። ሕጉ ሲወጣ እኛ በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበርን ይሆናል፤ ቢሆንም ለእኛም እኩል ይሠራልና እንጠቀምበት።

በአዲሱ ሕግ ሟች ኑዛዜ ካልተወ ግማሹ ለትዳር ጓደኛ፣ ግማሹ ለልጆች ይሆናል፤ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ይካፈላሉ። ኑዛዜ ካለ ግን እዚህ ያለውን ንብረት ለፈለገው ሰው መስጠት ይችላል።

እዚህ ላይ ግን በጥሞና ያንብቡኝ። አዲሱም ሕግ «የአገሬ ሕግ ይታይልኝ» የማለትን መብት አላነሳም። ጥያቄውን ሌላ ወራሽ ሊያነሳው ይችላል፤ ያን ጊዜ ወደ 1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንመለሳለን። በእኛ ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ወራሾቹ ልጆች ናቸው። ሚስት የጋራ ንብረቱን ግማሽ ትወስዳለች እንጂ የባሏን ድርሻ አትወርስም። ልጅ ከሌለ ደግሞ ድርሻው ወደ ወላጆቹ ይሄዳል። ስለዚህ ባለቤትዎ በጤናቸው ሳሉ ኑዛዜ ጽፈው ያስመዝግቡ፤ ለልጆቹ ሞግዚትም በዚያው ይሰይሙ። በእኛ ዘንድ ኑዛዜ ሰው አልጋ ላይ ሲወድቅ የሚታሰብ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ያነሳው ሰው ሟርተኛ ይባላል። ይህ ልማድ ስንት መበለት እንዳስለቀሰ እዚህ የቆየን እናውቃለን።

ሌላው የጋብቻ ማስረጃ ነው። የቤተሰብ ሕጋችን የሃይማኖት ጋብቻን ይቀበላል፣ ነገር ግን በመንግሥት መዝገብ እንዲመዘገብ ያዛል። ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠዎት ወረቀት ብቻ ከሆነ መጀመሪያ አገር ቤት ያስመዝግቡት፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና አዲስ አበባ ያለው የኤምሬትስ ኤምባሲ ያረጋግጡት፤ ከዚያ እዚህ በአረብኛ ይተርጎም።

አስተያየት፣ ከዱባይ፦

ሁላችሁም ስለ ሱቅና ስለ ሂሳብ ታወራላችሁ። እኔ የቤት ሠራተኛ ነኝ። የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 9 በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይሰጠኛል፤ ፓስፖርቴም በእጄ መሆን አለበት። ሁለቱም የሉኝም። ለፋሲካ እንኳ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ማዳም ደስ ካላት ነው።

መልስ፣ ከአቡዳቢ፦

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ሕጉ በፍርድ ቤቱ በር በራሱ ለሚገባ ሰው ነው የተከፈተው፤ አንቺ ደግሞ ከግቢው ለመውጣት ፈቃድ ትጠይቂያለሽ። የሰው ኃብትና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር የቤት ሠራተኛን አቤቱታ ይቀበላል። ብቻሽን እንዳትጋፈጪ በግል ጻፊልኝ፤ ስልክ የሚደውልልሽ፣ አረብኛ የሚናገር ሰው እናገናኝሻለን።

ሻርጃ ውስጥ ከአማርኛ ወደ አረብኛ የሚሠራ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ የምታውቁ ደግሞ እዚሁ ጻፉልን።